ያልተነካ ጠመኔ

ሰው መናቅ ላይ ተሰጥኦ አለኝ። ይህን የምለው እያፈርኩ እንዳይመስላችሁ፤ ለረጅም ዘመን ኮርቼበት ኖሬያለሁ። አንድ ሰው አፉን ከፍቶ ሁለት ዓረፍተ ነገር እስኪጨርስ የት እንደተማረ፣ በምን ነጥብ እንዳለፈ፣ ስንተኛ ክፍል ላይ መጽሐፉን እንደዘጋ እገምት ነበር። ተሳስተሃል የሚለኝ ሰው ስላልነበረ ደግሞ ተሳስቼ አላውቅም።

ደምሴ እባላለሁ። ከካዛንቺስ ወደ ባምቢስ ሲወረድ ገባ ብሎ ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት የዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ ማስተማር ከጀመርኩ ሃያ አንድ ዓመት ሆኖኝ ነበር። የሒሳብ ዲፓርትመንት ኃላፊም ነበርኩ። ኃላፊ ስል በሥሬ አንድ መምህር ነበረኝ ማለቴ ነው፤ እሱንም እንቀው ነበር።

ተማሪዎቼ ሁሉ በአንድ ነገር ነው የሚያስታውሱኝ። ክፍል ገብቼ ጠመኔውን አነሳና "ሲሻገር?" እላለሁ። ሃምሳ ልጅ በአንድ ድምፅ "ምልክቱ ይቀየራል!" ይላል። አልጀብራን ለረሳችሁት፣ ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከእኩል ምልክቱ ወዲህ ያለ ቁጥር ወደ ወዲያኛው በኩል ሲሄድ ፕላስ የነበረው ማይነስ፣ ማይነስ የነበረው ፕላስ ይሆናል። ለምን? ለምን ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ሲመጣ "ሕግ ነው" እለዋለሁ፤ ከደገመ አቆመዋለሁ። ጩኸታችን ታክሲ መያዣው ድረስ ይሰማል ይባል ነበር። እኔም ይህ ማስተማር ይመስለኝ ነበር።

ካዛንቺስ ፈርሶ ሰፈሩ ግማሹ አቧራ፣ ግማሹ ግንባታ በሆነበት ሰሞን ያ በሥሬ የነበረው መምህር ከከተማው ዳር ቤት ደረሰውና መመላለሱ ሲያቅተው ሥራውን ለቀቀ። ምትክ ማስታወቂያ ወጣ። ካመለከቱት ውስጥ ሌሎቹ ተንጠባጥበው ቀርተው እስከ መጨረሻው የዘለቀችው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ትርሓስ ትባላለች።

የግል ትምህርት ቤት መምህር ሲቀጥር "ዴሞ" የሚባል ነገር አለ። አመልካቹ ቅዳሜ ጠዋት እውነተኛ ተማሪዎች ፊት ቆሞ አርባ ደቂቃ ያስተምራል። ሦስት ገምጋሚዎች ከኋላ ተቀምጠው ፎርም ይሞላሉ። እኛ ዘንድ ገምጋሚዎቹ ዳይሬክተሯ፣ አንድ የወላጆች ተወካይ እና የዲፓርትመንት ኃላፊው ናቸው። ከመቶው ሃምሳው በኃላፊው እጅ ነው። እንግዲህ ትርሓስ ትቀጠር አትቀጠር የሚወሰነው በእኔ እስክሪብቶ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ለቃለ መጠይቅ መጣች። ሠላሳ አምስት ወይም ሠላሳ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ፋይሏን በሁለት እጇ ይዛ ገባች። ገና ስትቀመጥ የኮረሪማና የጥቁር አዝሙድ ሽታ ቢሮውን ሞላው። እኔም በልቤ ፈርጄ ጨረስኩ።

"ዲግሪሽ የርቀት ነው" አልኳት፤ ማስረጃዋን በሁለት ጣቴ አንጠልጥዬ።

"አዎ፣ የርቀት ነው።"

"አስተምረሽ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም። ባምቢስ ጋ የቅመም ሱቅ አለን፣ እዚያ ነው የምሠራው።"

"ታዲያ አልጀብራውን አልረሳሽውም?"

"እውነቱን ለመናገር ቲቸር፣ መጀመሪያም አላውቀውም ነበር። በቃሌ ሸምድጄ ነው ያለፍኩት። በኋላ ነው እንደገና ከሰባተኛ ክፍል ጀምሬ የተማርኩት።"

"የት?"

"ስልኬ ላይ።"

ሳቅኩ። ፊት ለፊቷ፣ ድምፄን ሳልቀንስ ሳቅኩ። እሷ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጠለች። ከሰባተኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያሉትን መማሪያ መጻሕፍት በቴሌግራም አውርዳለች። ጥቁር ሰሌዳ ላይ እየጻፉ ቀስ ብለው የሚያስረዱ ሰዎች ቪዲዮ አለ። ጥያቄ ሲሠሩበት ስህተቱ የቱ ጋ እንደሆነ የሚያሳይ ድረ ገጽም አለ። ደምበል አካባቢ ዋይፋይ ያለበት ካፌ ተቀምጣ ታወርዳለች፣ ከዚያ ሱቅ ውስጥ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል አንድ በአንድ ታያለች። ያልገባትን አሥር ጊዜ መልሳ ታያለች።

"ሁሉም በነፃ ነው" አለች።

"ለዚያ ነዋ ዋጋ የሌለው!" አልኳት።

"እርስዎ አይተውት ያውቃሉ?"

"ለጨዋታ ጊዜ የለኝም።"

"እንደሱ አይበሉ ቲቸር፣ አንድ ቀን ቢያዩት..." አለችና የፊቴን መኮሳተር ስታይ ተወችው።

እንደወጣች መሳቢያዬን ከፍቼ የግምገማ ፎርም አወጣሁ። አሁን የምነግራችሁን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። የዴሞ ፎርም ከዴሞው በፊት መሙላት ልማዴ ነበር። ውጤቱን የማውቀው መስሎኝ ስለነበር ቅዳሜ ጠዋቴን በጽሕፈት ማባከን አልፈልግም፤ አራት ሰዓት ላይ ከባልደረቦቼ ጋር ማኪያቶ አለኝ። ደግሞ አስተያየቶቼ የታወቁ ናቸው። ለወደድኩት ሰው የምጽፈው አለኝ፣ ለጠላሁት የምጽፈው አለኝ። ለትርሓስ ለጠላሁት ሰው የምጽፈውን መረጥኩላት፦ "የትምህርቱን ይዘት ጠንቅቃ አታውቅም። ክፍል የመቆጣጠር ችሎታዋ ደካማ ነው። የሰሌዳ አጠቃቀሟ የተዝረከረከ፣ የእጅ ጽሕፈቷም የማይነበብ ነው።" ከሃምሳ አሥራ አራት ሰጠኋት። ፈረምኩ። ፎርሙን አጥፌ ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ዘጠነኛ ቢ ክፍል ገብቼ ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩ። ሦስት አዳዲስ ጠመኔ ከካርቶኑ አውጥቼ ጫፉ ላይ ደረደርኩ። ለትርሓስ አስቤ አይደለም፤ ጠመኔ አጣሁ የምትል ሰበብ እንዳትኖራት ነው።

ዳይሬክተራችን ወይዘሮ ሙሉወርቅ መጡ። ከእኔ የሚበልጡ፣ ዝምታቸው የሚያስፈራ ሴት ናቸው። ከእሳቸው ጎን የወላጆች ተወካዩ ጋሽ ታደለ ተቀመጡ። ጋሽ ታደለ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጡረተኛ ሲሆኑ የሚናገሩት ሁሉ በ"ማለቴ" ይጀምራል። እሳቸውንም እንቃቸው ነበር።

ትርሓስ ዘንቢል ይዛ ገባች። ዘንቢል! ከገበያ መልስ ብቅ ያለች ነው የምትመስለው። ከውስጡ ባለ ሁለት ሳህን የድሮ ሚዛን አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አቆመችው። ቀጥላ የብረት መመዘኛዎችና የጨርቅ ከረጢቶች ደረደረች። ልጆቹ ተንጠራርተው ማየት ጀመሩ። እኔ ወደ ወይዘሮ ሙሉወርቅ ዘንበል ብዬ "ሱቅ ልትከፍትልን ነው" አልኳቸው። አልሳቁም።

"እንደምን አደራችሁ" አለች ትርሓስ። "ዛሬ የምንማረው አልጀብራ ነው። ሰሌዳውን ግን አንነካውም።"

ልጆቹ ተያዩ። ፈርታ ነው ብዬ አሰብኩ።

"ለምን መሰላችሁ?" አለች። "ከሺህ ዓመት በፊት ባግዳድ ውስጥ አንድ ሊቅ ነበረ። አልጀብራ ስሙን ያገኘው እሱ ከጻፈው መጽሐፍ ነው። እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ግን ኤክስ የለም፣ እኩል ይሆናል የሚለው ምልክትም የለም። እነሱ ገና አልመጡም ነበር። ሁሉም ነገር በቃል ነው የተጻፈው። የማያውቁትን ቁጥር 'ነገር' ይሉታል። 'ሦስት ነገርና መቶ ሰባት መቶ ቢሆን፣ ነገሩ ስንት ነው?' እያሉ ነው የሚጠይቁት። እኛም ዛሬ እንደነሱ ነው የምንሠራው።"

አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። "ምን ያደርግላቸዋል?"

"ውርስ ያካፍሉበታል። አባት ሲሞት ለሚስት ይሄን ያህል፣ ለሴት ልጅ ይሄን ያህል፣ ለወንድ ልጅ ይሄን ያህል የሚል ሕግ ነበራቸው። መሬት ይለኩበታል፣ ይነግዱበታል። ቁጭ ብለው ሰው ለማስጨነቅ የፈጠሩት አይደለም።"

ልጆቹ ሳቁ። ሳቃቸው አንገበገበኝ። በእኔ ክፍል ሳቅ የለም። በዚያ ላይ እኔ የማላውቀውን ነገር ነበር የምትናገረው። ሃያ አንድ ዓመት አልጀብራ ሳስተምር ከየት መጣ ብዬ ጠይቄ አላውቅም፤ ከመማሪያ መጽሐፉ የመጣ ነበር የሚመስለኝ። ገምጋሚ በዴሞ መካከል አይናገርም፤ ደንብ ነው። እኔ ግን ተናገርኩ።

"ይቅርታ! ታሪኩ ይቆየን። እነዚህ ልጆች ኢኩዌሽን መፍታት ያውቃሉ፣ እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው። ቤዛ፣ ተነሺ።"

ቤዛ ሦስተኛው ረድፍ ላይ የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ ናት። ለምን እሷን እንደመረጥኩ ልንገራችሁ። ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት እናቷን አስጠርቼ ልጅዋ ፊት "ልጅሽ ለሒሳብ አልተፈጠረችም፣ ጊዜሽን አታባክኚ" ብያት ነበር። እናትየው እጄን ልትስም ምንም አልቀራትም፤ ስላሳወቅኳት አመስግናኝ ሄደች። ቤዛን ያስነሳኋት ትመልሳለች ብዬ አይደለም። ብትሳሳት በትርሓስ ክፍለ ጊዜ ተሳሳተች ይባላል ብዬ ነው። ተንኮሌ እዚህ ድረስ ነበር።

"ሦስት ኤክስ እኩል ይሆናል አሥራ ሁለት። ኤክስ ስንት ነው?"

የቤዛ ከንፈር ትንሽ ተንቀሳቀሰ። "ኔጌቲቭ አራት" አለች።

"ስንት?"

"ኔጌቲቭ አራት፣ ቲቸር።"

"ሰማችሁ?" አልኩ ወደ ገምጋሚዎቹ ዞሬ፤ ፊቴ ላይ ደስታ እንደነበረ አውቃለሁ።

ትርሓስ ግን አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። ወደ ቤዛ ጠጋ አለች። "እንዴት እንዳገኘሽው ንገሪኝ። ቀስ ብለሽ።"

"ሦስቱ ተሻገረ። ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል። ፕላስ ሦስት የነበረው ማይነስ ሦስት ሆነ። አሥራ ሁለት ለማይነስ ሦስት ሲካፈል ማይነስ አራት ነው።"

ከኋላ ወንበር የሆነ ልጅ "ተሻግሯል እኮ" ሲል ሰማሁ።

"በጣም ጎበዝ ነሽ" አለች ትርሓስ። "የተነገረሽን ሕግ አንድም ሳታጓድዪ ነው የተከተልሽው። ማካፈሉንም አልተሳሳትሽም። የተሳሳተው ሕጉ ነው።"

ሃምሳ ልጅ ዞሮ አየኝ። ወይዘሮ ሙሉወርቅም ዞረው አዩኝ። "የሚባዛ ቁጥር ሲሻገር ምልክቱ አይቀየርም፣ ማካፈል ነው የሚሆነው፤ መቶ ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ!" አልኩ።

"ለምንድን ነው ይኼኛው የማይቀየረው?" አሉ ወይዘሮ ሙሉወርቅ፤ ለማወቅ ፈልገው እንጂ ለክፋት አልነበረም።

አፌን ከፈትኩ። ሕግ ነው ልል ነበር። ወይዘሮ ሙሉወርቅን ግን ቁሙ ማለት አልችልም። በዩኒቨርሲቲ እንዳነበብኩት አውቃለሁ፣ የሆነ ቦታ አለ፤ ያን ሰዓት ግን የመጣልኝ ጩኸቱ ብቻ ነበር፣ ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል።

"ቲቸር ደምሴ የጠየቁት ጥሩ ጥያቄ ነው" አለች ትርሓስ፤ ያላልኩትን አልክ ብላ ልታድነኝ መሆኑ ገባኝ። "በሚዛን ብናየው ይሻላል አይደል ቲቸር?"

መውጫ እየሰጠችኝ ነበር። አዎ ብል ያልፍ ነበር። እኔ ግን "ይሄ ክፍል ነው፣ ሱቅ አይደለም" አልኳት።

ቀለሟ እንኳን አልተለወጠም። ሦስት እኩል ከረጢትና አንድ መቶ ግራም በግራው ሳህን ላይ አስቀመጠች። በቀኙ ላይ አምስት መቶ፣ መቶ፣ መቶ። ሁለቱ ሳህኖች ትንሽ ተወዛውዘው ቆሙ።

"ሦስት ነገርና መቶ፣ ሰባት መቶ ሆነ" አለች። "አሁን ከግራው መቶውን ላነሳ ነው። ምን ይሆናል?"

አነሳችው። ቀኙ ሳህን ጠረጴዛውን መታ። ልጆቹ ጮኹ።

"ምን ላድርግ?"

"ከዚያም ያንሱ!" አሉ።

ከቀኙም መቶ አነሳች። ሚዛኑ ተመልሶ ቆመ። ሁለቱን መመዘኛዎች በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው። "የተሻገረ ነገር አይታችኋል? መቶው የትም አልተሻገረም። ከዚህ ተነሳ፣ ከዚያም ተነሳ። ሲያዩት ከዚህ ጠፍቶ እዚያ ማይነስ ሆኖ የተገኘ ይመስላል እንጂ፣ የተሻገረ ነገር የለም። አሁን ሦስት ነገር ስድስት መቶ ነው።" አምስት መቶውንና የቀረውን መቶ አንስታ በሦስት ሁለት መቶዎች ተካቻቸው። ሚዛኑ አልነቃነቅ አለ። "ቤዛ፣ አንዱ ነገር ስንት ነው?"

"ሁለት መቶ" አለች ቤዛ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት ብድግ አለች። "ቆይ! ታዲያ ሦስቱን ማይነስ ማድረግ ለምን አስፈለገኝ? ለሦስት እኩል ማካፈል ብቻ ነው። የእኔዋም አራት ናት! ፕላስ አራት!"

ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ልጅ እንዲህ ብድግ ሲል አይቼ አላውቅም። በእኔ ክፍል የሚነሳው የተቀጣ ነው።

ትርሓስ መጨረሻ ላይ ስለ ስሙ ነገረቻቸው። አልጀብር በአረብኛ የተሰበረን ወይም የጎደለን ወደ ቦታው መመለስ እንደሆነ፣ አጥንት የሚጠግን የወጌሻ ሥራም በዚሁ ቃል ይጠራ እንደነበር አጫወተቻቸው። "የጎደለውን መሙላት፣ ከሁለቱም ወገን እኩል ማንሳት፤ ሥራው ሁሉ ይኸው ነው" አለች። ደወሉ ሲደወል ልጆቹ አልወጡም፤ ሚዛኑን ከበው ቆሙ።

ያን ጊዜ እጄ ኪሴ ውስጥ ገባ። የታጠፈው ፎርም አለ። ቦርሳዬ ውስጥ ባዶ ፎርም እንዳለም አውቃለሁ። አምስት ደቂቃ ይበቃኝ ነበር። ቁጥሩን ልቀይረው አሰብኩ፣ ወዲያው ደግሞ አንገቴ ደነደነ። የቅመም ነጋዴ፣ የርቀት ተማሪ፣ የስልክ ምሩቅ እኔን አሸንፋ ልትወጣ? ፎርሙን እንዳለ ይዤ ወደ ቢሮ ገባሁ።

ወይዘሮ ሙሉወርቅ የጋሽ ታደለን ፎርም አነበቡ። ከሃያ አምስት ሃያ ሦስት። የራሳቸውን አነበቡ። ሃያ አራት። የእኔን ዘረጉና መነጽራቸውን አስተካክለው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። "የትምህርቱን ይዘት ጠንቅቃ አታውቅም።" ቀና ብለው አዩኝ። "ክፍል የመቆጣጠር ችሎታዋ ደካማ ነው።" ከመስኮቱ ውጭ የልጆቹ ድምፅ ይሰማል፤ ገና አልተበተኑም። "የሰሌዳ አጠቃቀሟ የተዝረከረከ፣ የእጅ ጽሕፈቷም የማይነበብ ነው።"

ወይዘሮ ሙሉወርቅ ፎርሙን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

ጋሽ ታደለ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ማለቴ፣ እኔ ሒሳብ አላውቅም፣ ይቅርታ አድርጉልኝ" አሉ። "ግን ማለቴ፣ የትኛው ጽሕፈት?"

ወይዘሮ ሙሉወርቅ ተነስተው ወጡ። ሲመለሱ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ከፈቱት። ሦስት ጠመኔዎች ነበሩ። እኔ ራሴ ከካርቶን ያወጣኋቸው፣ ጫፋቸው ያልተሸረፈ። ፊት ለፊቴ አንድ በአንድ ደረደሯቸው።

"መቼ ነው የሞላኸው ቲቸር ደምሴ?"

"ትናንት።"

"ስንት ሰው ነው እንዲህ አድርገህ የሸኘኸው?"

በልቤ ቆጠርኩ። ሰሌዳው ላይ ግሩም አድርጎ ያስረዳ አንድ ቀጭን ወጣት ትዝ አለኝ፤ "የማይነበብ" ብዬ ጽፌበት ነበር፣ ያንንም ከዋዜማው። እጄን ጨብጦ አመስግኖኝ ነው የወጣው። ሌሎችም መጡብኝ። ዘጠነኛው ላይ መቁጠሬን ተውኩ። ራሴን ስንቅ ያ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ለሌላ ሰው የነበረኝን ንቀት ሁሉ አጠራቅሜ ለራሴ ብሰጠው የማይበቃ ሆኖ ተሰማኝ።

"ነጥብህ ተሰርዟል። ሴትየዋ ተቀጥራለች" አሉ ወይዘሮ ሙሉወርቅ። "ግን ደንቡን ታውቃለህ። የገምጋሚውን አስተያየት ለአመልካች የሚያነበው የዲፓርትመንት ኃላፊው ነው። ሂድና አንብብላት። የጻፍከውን።"

"ወይዘሮ ሙሉወርቅ..."

"የጻፍከውን አልኩህ።"

ትርሓስ ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ዘንቢሏን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ከጭኗ ስር እጆቿን አጣብቃ ነበር፤ ያን ስመለከት ለካ ፈርታ ነበር ብዬ አሰብኩ። ሌላ ነገር ፈጥሬ ላነብላት አስቤ ነበር፤ አልቻልኩም። መቀጠሯን ነገርኳትና ከዚያ ፎርሙን አነበብኩላት፣ ከላይ እስከ ታች። የእጅ ጽሕፈቱ ላይ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አድርጌ አለፍኩት።

"እስቲ እሱን ይድገሙልኝ" አለች።

ደገምኩላት።

"ጠመኔ አልነካሁም እኮ።"

"ትናንት ነው የሞላሁት" አልኩ። "እርስዎ ከቢሮዬ እንደወጡ።" እርስዎ ማለቴን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

ረጅም ጊዜ አየችኝ። እኔ ሰው የምንቅበትን ዓይን አውቀዋለሁ፤ ሃያ አንድ ዓመት ተለማምጄዋለሁ። ትርሓስ ያየችኝ በሱ ነው። ሲያርፍብኝ ነው ምን ያህል እንደሚከብድ ያወቅኩት።

"እኔ ሱቅ ውስጥ ዕቃውን ሳህኑ ላይ ሳላስቀምጥ ይሄን ያህል ነው ብል፣ ደንበኛዬ ጥሎኝ ነው የሚሄደው" አለች። ዘንቢሏን አንስታ ቆመች። "የእኔን ተዉት ቲቸር፣ እኔ ሥራዬን አግኝቻለሁ። ልጅቷን ግን ይቅርታ ይጠይቋት።"

ሄደች። እኔም ማኪያቶውን ትቼ በእግሬ እስከ መስቀል አደባባይ ወረድኩ። በማግስቱ እሑድ ደምበል አካባቢ አንድ ካፌ ገብቼ፣ ሰው እንዳያየኝ ወደ ግድግዳው ዞሬ፣ ጆሮ ማዳመጫ ሰክቼ ስለ አልጀብራ የሚያስረዳ ቪዲዮ ከፈትኩ። የሰባተኛ ክፍል። በአርባ ስምንት ዓመቴ። የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ተናድጄ አየሁ፣ የቀረውን ሦስት ሰዓት አፌን ከፍቼ።

አሁን ለእናንተ ለአንባቢዎች የምለው አለኝ። ከዚያ ወዲህ ደግ ሰው ሆኛለሁ ብዬ አልዋሽም። አሁንም ሰው እንቃለሁ፤ የምንቀው ሰው ነው የተቀየረው። ሳያይ የሚፈርመውን እንቃለሁ። "ሕግ ነው" ብሎ ልጅ ዝም የሚያሰኘውን አስተማሪ እንቃለሁ። "ልጅህ ለሒሳብ አልተፈጠረችም" ሲባል እሺ ብሎ የሚመለሰውን ወላጅ እንኳን ትንሽ እንቃለሁ፣ እንደ እኔ ያለውን ሰው ስላመነ። ስልካችሁን ይዛችሁ ቀኑን ሙሉ የሰው ሠርግና የሰው ጠብ ስታገላብጡ የምትውሉትንም አልምራችሁም። ሱቅ ውስጥ የምትውል ሴት በዚያው ስልክ፣ ያለ ምንም ክፍያ፣ እኔ በዲግሪ ያላወቅኩትን አውቃበታለች። የባግዳዱ ሊቅ አንድ ምልክት ሳይኖረው የሠራውን እናንተ መዳፋችሁ ውስጥ ይዛችሁት እንኳ አትከፍቱትም። ሰነፍ ስላችሁ ቅር አይበላችሁ፣ ከእኔ አትበልጡም።

ሰኞ ጠዋት ዘጠነኛ ቢ ገባሁ። ትርሓስ ሥራ የጀመረችበት የመጀመሪያ ቀን ስለነበር ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ከልማድ የተነሳ ልጆቹ ገና ሲያዩኝ ሲሻገር የሚለውን ይጠብቁ ነበር። "ምንም አይሻገርም" አልኳቸው። "ያስተማርኳችሁ ስህተት ነው። ቤዛ፣ ያልኩሽም ስህተት ነው። እናትሽ ፊት ስለተናገርኩት ይቅርታ እጠይቅሻለሁ።"

ቤዛ ተነሳች።

"ለእኔ ሳይሆን ለእማዬ ይንገሯት ቲቸር" አለች። "ስልኳ ሬጅስትራር ጋ አለ።"

አልጠበቅኩትም። ክፍሉ ሁሉ ይጠብቃል። ቁጥሩን አስመጥቼ እዚያው ሰሌዳው ፊት ቆሜ ደወልኩ። ሁለት ጊዜ ጠርቶ ተነሳ።

"ሃሎ፣ የቤዛ እናት? ቲቸር ደምሴ ነኝ፣ የሒሳብ አስተማሪዋ።"

ከወዲያ በኩል ትንፋሽ ሲቆረጥ ሰማሁ። "ውይ በሞትኩት!" አለች። "ምን አጠፋች?"

ቤዛን አየኋት፣ ከኋላ የተቀመጠችውን ትርሓስን አየኋት።

"እሷ አይደለችም" አልኩ። "እኔ ነኝ ያጠፋሁት።"